ደመወዝና ሪዝቅ፦ ሥራውን ያጣ ሰው ምን ያጣል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በአሁኑ ወቅት በከተማ በሚኖረው ወገናችን ቤት ውስጥ ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ የሚነሳ አንድ ትልቅ ስጋት አለ። እሱም ሥራን የማጣት ስጋት ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ ግቢ ቆመው የሚነጋገሩ ወጣቶችን ያዳመጠ ሰው ወሬያቸው እየዞረ እዚሁ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ሥራ ያለው «ነገስ ይኖረኛል ወይ?» ይላል። ሥራ የሌለው ደግሞ «ያለው ሰው እየተቀነሰ እኔን ማን ይቀጥረኛል?» ይላል። በተለይም «የወደፊቱ ሥራ ይኸ ነው» ተብለው ኮምፒውተርና ቴሌኮም የተማሩ ልጆቻችን ግራ ተጋብተዋል።

ከዚህ ስጋት ጋር አንድ የሃይማኖት ጥያቄ ይነሳል። አንድ ሙእሚን ሥራዬን አጣለሁ ብሎ መፍራቱ የኢማን ድክመት ነውን? ሲሳይ በአላህ እጅ ከሆነ ቀጣሪን መፍራት ምን ይባላል? በሌላ በኩል ሲሳይ በአላህ እጅ ነው ብለን ሠራተኛውን ያለ አግባብ ያባረረውን አሠሪ ከተጠያቂነት ነፃ ልናደርገው እንችላለን ወይ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በመጠኑ ለማየት ይሞክራል።

ነገሩ እንዴት ነው?

አስቀድሞ የተፈጠረውን ማወቅ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ከ11,000 በላይ ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ አማዞን ከ18,000 በላይ፣ የጉግል ባለቤት አልፋቤት 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብቱ ተናገሩ። ልብ ማለት የሚገባን እነዚህ ኩባንያዎች ከስረው የተዘጉ አለመሆናቸውን ነው። በወረርሽኙ ወቅት ገበያው ሲደራ ያለ ልክ ቀጠሩ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝና ወለድ ሲጨምር ደግሞ መጀመሪያ የቆረጡት የሰው እንጀራ ሆነ። በዚያው ኖቬምበር 2022 ቻትጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሕዝብ ተለቀቀ። ጀማሪ ባለሙያ ይሠራው የነበረውን የኮድ ጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ማሽን በደቂቃ መሥራት ሲጀምር ፍርሃቱ ተባባሰ።

ለአገራችን ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ፈርሶ ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋምና የፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም ለሁለት ዓመት አስተዳደሩን ሲይዝ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ነባር ሠራተኞች በአዲሱ መዋቅር ቦታ ሳያገኙ ቀርተዋል። ከእነሱ መካከል ዕድሜያቸውን በሙሉ ሽቦ ሲዘረጉና ስልክ ሲያገናኙ የኖሩ ነበሩበት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትልቅ ስም የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን ለመዝጋት ወሰነ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ አገራችን ከአጎአ ዕድል ወጣች። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ አድርጓል። እነዚህ ሠራተኞች ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም የተባረሩት። ውሳኔው የተፈረመው እነሱ አይተውት በማያውቁት አገር፣ በማያውቃቸው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ ስንመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንትና ከስማዳ የገበሬ ልጆች በአቅራቢያቸው ዲግሪ ለመያዝ ዕድል አገኙ። ወላጅ በሬ ሸጦ፣ ድንችና ገብስ ሸጦ ልጁን አስተማረ። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር የተማረው ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ በአካባቢው የሚጠብቀው ቀጣሪ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከባንክና ከጥቂት የግል ድርጅቶች አያልፍም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ከተፈታኞቹ ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮድና በመሰል ሙያ ለማሠልጠን ትልቅ ዕቅድ ይፋ ተደርጓል። ሥልጠናው መልካም ነው። ነገር ግን የሠለጠነው ሁሉ ሥራ ያገኛል ማለት እንዳልሆነ ምሩቃኑ ራሳቸው ያውቁታል።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በደብረ ታቦር ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ ደንበኛ ድረ ገጽ የሚሠራን ወጣት አስቡት። ማንም አላባረረውም፤ የስንብት ደብዳቤም አልደረሰውም፤ የአገልግሎት ክፍያም አይጠይቅም። መስመሩ ብቻ ዝም አለ። ደንበኛው ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ሰው ፈለገ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ማጣት በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

መፍራት ወንጀል ነውን?

አንዳንድ ወንድሞች ለዚህ ሁሉ ፈጣን መልስ አላቸው። «ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ መፍራት የተወኩል ጉድለት ነው» ይላሉ። የመጀመሪያው ቃል እውነት ነው። በምድር ላይ የምትንቀሳቀስ ፍጡር ሁሉ ሲሳይዋ በአላህ ላይ መሆኑን ቁርኣን በሱረቱ ሁድ ያስተምረናል። ሁለተኛው ቃል ግን ምርመራ ይፈልጋል።

የነቢያትን ታሪክ እንመልከት። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከፈርዖን ቤተ መንግሥት ኑሮ በአንድ ቀን ወጥተው ፈርተው ሸሹ። ፍርሃታቸውን ቁርኣን አልደበቀውም። መድየን ሲደርሱ ቤት የላቸውም፤ ሥራም የላቸውም፤ የሚያውቁትም ሰው የለም። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ሁለት ሴቶች በጎቻቸውን ማጠጣት አቅቷቸው ቆመው ባዩ ጊዜ ዋጋ ሳይጠይቁ አጠጡላቸው። ከዚያም ወደ ጥላ ሄደው ለጌታቸው ከቸርነቱ ፈላጊ መሆናቸውን ነገሩት። መልሱ ምን ሆኖ መጣ? ከሰማይ የወረደ ማዕድ አልነበረም። የሥራ ውል ሆኖ መጣ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ ለአባቷ ይህን ሰው ቅጠረው፣ ብርቱና ታማኝ ነው ብላ መሰከረች። ዘመኑም ስምንት ዓመት፣ ከፈቀዱ አሥር ተብሎ ተወሰነ። ይህ በሱረቱል ቀሶስ ተተርኳል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የነገን ማሰብና መፍራት የሰው ባሕርይ እንጂ ክህደት አይደለም። ሁለተኛ፣ ችግርን ለአላህ መንገር ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ራሱ ተወኩል ነው። ሦስተኛ፣ ሲሳይ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሰበብ ነው። ሰበቡም ሰው ነው፤ ውል ነው፤ ምስክርነት ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ነግረውታል። ከጭንቀት፣ ከሐዘንና ከዕዳ ጫና በአላህ ይጠበቁም ነበር። የማይጎዳ ነገር ቢሆን ኖሮ ጥበቃ ባልጠየቁበት ነበር።

እንግዲያው የሚወገዘው ፍርሃት የትኛው ነው? ሰውን ከሐላል ወደ ሐራም የሚገፋው ፍርሃት ነው። ቦታውን ለማቆየት ሲል በባልደረባው ላይ ነገር የሚያዋሽክ፣ የአለቃውን በደል እያየ መልካም ነው ብሎ የሚፈርም፣ የሌለውን የምስክር ወረቀት ሠርቶ የሚያቀርብ ሰው ደመወዙን ከሪዝቅ ሰጪው በላይ አድርጎታል። የቅነሳ ወሬ በተሰማ ቁጥር በየቢሮው ሐሜት እንደሚበዛ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። የሰውን ስም ሸጦ የተረፈ ወንበር ላይ የሚበላ እንጀራ ግን ምን ዓይነት እንጀራ ነው? እውነተኛው ፈተና እዚህ ላይ ይመስለናል።

ለጠገበ ሰው ተወኩልን መስበክ ቀላል ነው

ሌላም ነገር መነገር አለበት። ተወኩልን አጥብቆ የሚመክረው ብዙ ጊዜ ወር ሲደርስ ደመወዙ የሚገባለት ሰው ነው። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላሉ አበው። የቤት ኪራይ ያለበትንና ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ የተቃረበን ወንድም «ሶብር አድርግ» ብሎ ማለፍ ቃሉ እውነት ቢሆንም አባባሉ ውሸት ሊሆን ይችላል። ኃላፊነትን መሸሻ ይሆናልና።

ይህን የሚያስተካክል ታላቅ ምሳሌ በመዲና አለ። ሙሃጂሮች ንብረታቸውን መካ ጥለው በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕን ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ከሀብቱ ግማሹን ልስጥህ አለ። ዐብዱረሕማን ደግሞ አላህ በሀብትህ ይባርክልህ፣ ገበያውን ብቻ አሳየኝ አለ። ገበያ ወጥቶም ቅቤና አይብ በመነገድ ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ከባለጸጎች አንዱ ሆነ።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምንጠቅሰው ሥራ ፈላጊውን ለመገሠጽ ነው። «እንደ ዐብዱረሕማን ሁን» እንላለን። ግን ሁለቱ የተናገሩትን ቃል አለዋውጠን እናስብ። ሰዕድ «ገበያው ያውልህ፣ ሂድና ሥራ» ቢል፣ ዐብዱረሕማንም «ግማሹን አምጣ» ቢል ኖሮ የሁለቱም ንግግር ያስነውር ነበር። ታሪኩን ያሳመረው እያንዳንዱ በራሱ ላይ ያለውን ግዴታ መናገሩ ነው። ያለው ስለ መስጠት ተናገረ፤ የሌለው ስለ መሥራት ተናገረ። ስለዚህ ተወኩል ሰው ከራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው። ለወንድሙ ግን ሰበብ ሊሆንለት ይገባል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ ለራሳችን ሰበብ እናበዛለን፣ ለወንድማችን ተወኩልን እንመክራለን።

ርስት ያልነበራቸው አባቶች

የደቡብ ጎንደር፣ የቀድሞው የበጌምድር ሙስሊም ስለ ዋስትና ማጣት ከማንም የበለጠ ያውቃል። በሰሜኑ ደጋ መሬት የኑሮ ሁሉ መሠረት በነበረበት ዘመን ሙስሊሙ በአብዛኛው ባለ ርስት እንዳይሆን ተከልክሎ ኖሯል። በመሆኑም አባቶቻችን ሸማኔ፣ ቆዳ ፋቂና ነጋዴ ሆኑ። በይፋግና በደሪጣ ገበያ ይታወቁ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። የሲራራ ነጋዴው ከግቤ ማዶ እስከ ምጽዋ ድረስ ጨው፣ ጥጥና ቡና ይዞ ወራት ይጓዝ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ በተገደዱ ጊዜም ብዙዎች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ። ይዘውት የሄዱት በእጃቸው ያለውን ሙያ ነበር።

ይህን የምናነሳው ድህነትን ለማወደስ ወይም የተፈጸመውን በደል ለማሳመር አይደለም። አባቶቻችን ታገሡ ማለት በደሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ራሳቸውም ዝም ብለው አልቀሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው እኩልነትን ጠየቁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ሙስሊሙ ገበሬ በስሙ መሬት እንዲይዝ በር ከፈተ። ሶብርና መብትን መጠየቅ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

ሆኖም እነዚያ ርስት አልባ ሰዎች ምን ይዘው ኖሩ ብለን ብንጠይቅ ሙያ፣ ታማኝነትና ወንድማማችነት የሚል መልስ እናገኛለን። ሲራራ ነጋዴ ያለ አማና አንድ እርምጃ አይራመድም። ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው፣ መንገድ ላይ ቢታመም የሚያነሳው፣ ቢሞት ለወራሾቹ ሒሳብ የሚያደርስለት ሰው ያስፈልገዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል ሸማኔ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የዛሬው ምሩቅ ከአባቶቹ የበለጠ እውቀት አለው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ሌላው ስንቅ ነው።

እርግጥ ሙያም ዘላለማዊ ርስት አይደለም። አቡጀዲ ሲገባ የሸማኔው ገበያ ተነካ። ኮምፒውተር ሲመጣ በጽሕፈት መኪና ይኖሩ የነበሩ ታይፒስቶች ቦታቸውን ለቀቁ። ሞባይል ሲስፋፋ የፎቶ ቤቱም፣ የሕዝብ ስልኩም ሥራ ቀዘቀዘ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር የተማረው ራሱ ተራው ደርሶበታል። በሌላ በኩል በወረታ ዙሪያ ያለውን የፎገራ ሜዳ እንይ። ክረምት በመጣ ቁጥር በውኃ ይተኛ የነበረው ረግረግ ሩዝ ከገባ ወዲህ የአገሪቱ ዋነኛ የሩዝ ምድር ሆኗል። በዙሪያውም ፈልፋዩ፣ ነጋዴውና ጫኚው ሥራ አግኝቷል። አንድ በር ሲዘጋ ሌላው የሚከፈትበት ቦታ አስቀድሞ አይታወቅም። ይህ ግን የሚሆነው በሩን የሚያንኳኳ ሰው ሲኖር ነው።

ከጋፋት የምንማረው

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩበት የአገራችን የቀድሞ «ኢንዱስትሪ መንደር» ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1850ዎቹ መጨረሻ የተሠራው እዚያ ነው። በዘመኑ ትልቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ነገር ግን ሥራው ሁሉ የአንድ ጌታ ትእዛዝ ነበር፤ ሌላ ገዢ አልነበረውም፤ ሙያውም ወደ ሕዝቡ አልወረደም። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ ጋፋት ዝም አለች። በሚያዝያ ወር መቅደላ ሲወድቅ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ እዚያው አምባ ላይ ቀረ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በአንድ ቀጣሪ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ እውቀት ቀጣሪው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የደሪጣ ነጋዴና የሸማኔው ሙያ ግን ብዙ ደንበኛ ነበረውና ነገሥታት ሲለዋወጡ አልጠፋም። ዛሬም ልጆቻችን ኮድ መጻፍ ሲማሩ የሚያዩት የአንድ ትልቅ ኩባንያን በር ብቻ ከሆነ ሌላ ጋፋት እየሠራን ነው። የፎገራ ሩዝ ነጋዴ ሒሳቡን የሚይዝበት፣ የጋይንት ገበሬ የድንቹን ዋጋ የሚያውቅበት፣ መድረሳው የተማሪዎቹን መዝገብ የሚያደራጅበት ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ነው።

አሠሪው ምን ይጠየቃል?

ወደ አሠሪዎች እንመለስ። ከወገናችን መካከል ፋብሪካ፣ የንግድ ድርጅት፣ ትምህርት ቤትና የኮምፒውተር ድርጅት ያላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል። ቀጥሮ አሠርቶ ዋጋውን የሚከለክል ሰው አላህ በዕለተ ቂያማ ከሚሟገታቸው መካከል መሆኑንም አስጠንቅቀዋል።

ሠራተኛ መቀነስ በራሱ ሐራም ነው አንልም። ድርጅቱ ተዘግቶ ሁሉም ከሚበተን ጥቂቱ ቢቀነስ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይሁንና ከመቀነስ በፊት የሚቀድም መንገድ አለ። አሽዐሪዮች የተባሉት የየመን ሰዎች በጉዞ ወይም በከተማ ስንቅ ሲያጥራቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ልብስ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እነሱ ከእኔ ናቸው እኔም ከእነሱ ነኝ በማለት አወድሰዋቸዋል። ይህን ወደ ዛሬ ብናመጣው የሥራ ሰዓትን መካፈል፣ ከላይ ያለው አለቃ ደመወዙን አስቀድሞ መቀነስ፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ ሒሳቡን በግልጽ ማሳየትና መመካከር ማለት ይሆናል። ኪሳራን ከታች ላለው ብቻ ማካፈል፣ ትርፍን ግን ለብቻ መያዝ ከዚህ መንገድ የራቀ ነው።

የአገሪቱም ሕግ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሠራተኛ ቅነሳ ወቅት አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር እንዲመካከር ያዛል። ለስንብት ክፍያም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሢሶ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ የማይበልጥ ይወስናል። በቅነሳ ምክንያት ለተሰናበተ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ሙስሊም አሠሪ ይህን ሳይከፍል ሐጅ ቢሄድ፣ መስጂድ ቢያሠራ፣ በረመዳን ቢያፈጥር መጀመሪያ በእጁ ላይ ያለውን የሰው ሐቅ ማሰብ አለበት። ሶደቃ ዕዳን አይተካም።

የኛስ ድርሻ?

ሥራውን ያጣ ሰው የሚያጣው ደመወዝ ብቻ አይደለም። ጠዋት የሚነሳበትን ምክንያት ያጣል። ሰው «ምን እየሠራህ ነው?» ባለው ቁጥር ይሸማቀቃል። ትናንት ለምክር ይፈልጉት የነበሩ ዛሬ ስልኩን አያነሱም። ልጃቸውን ሊድሩለት የነበሩ ወላጆች «ትንሽ እንቆይ» ይላሉ። እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህን ሁሉ የቀማው አሠሪው ነው ወይስ እኛ? አሠሪው የወሰደው ደመወዙን ነው። ክብሩን የወሰድነው ግን እኛ ጎረቤቶቹ፣ ዘመዶቹና የመስጂዱ ሰዎች ነን። በሶላት ሰልፍ ላይ ባለ ሥራና ሥራ አጥ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። አሰላመን ስንወጣ ግን ሰልፉ ይፈርሳል።

ስለዚህ በእጃችን ያሉ ነገሮች አሉ። ዘካ አንዱ ነው። ዘካን ለአንድ ቀን ምሳ ብቻ አድርገን ማሰብ የለብንም። ኢማሙ ነወዊን የመሳሰሉ የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ባለሙያ ለሆነ ድሃ የሙያ መሣሪያውን የሚገዛበት ያህል ከዘካ እንዲሰጠው ጽፈዋል። የያኔው መሣሪያ መጥረቢያና የሽመና ዕቃ ነበር። ዛሬ ለአንዱ የልብስ ስፌት መኪና፣ ለሌላው ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል። ከወለድ ነፃ የሆነው የዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። እነዚህ ባንኮች ሕንፃና መኪና ላለው ብቻ ሳይሆን ሙያና ታማኝነት ብቻ ላለው ወጣት በር እንዲከፍቱ ባለ አክሲዮኖቹ መጠየቅ ይገባቸዋል። በየመስጂዱም ሥራ ያለውንና ሥራ የሚፈልገውን የሚያገናኝ አንድ መዝገብ ለመያዝ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ለሙሳ (ዐ.ሰ.) ሥራ ያስገኘላቸው የአንዲት ሴት እውነተኛ ምስክርነት ነው። እኛም የምናውቀውን ታማኝ ወጣት ለሚቀጥር ሰው መመስከር አያቅተንም።

ሠራተኛው ወንድማችንም የራሱ ድርሻ አለው። ደመወዝ ሳለ በወለድ ብድር ለሠርግና ለዕቃ አለመዘፈቅ፣ ጥቂትም ቢሆን ማስቀመጥ፣ ከሥራው ጎን አንድ ሌላ ሙያ መያዝ፣ በሥራ ቦታው የማንንም ሐቅ አለመንካት ይጠበቅበታል። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት አስቀምጠዋል። ነቢይ ሆነው ሳለ ጎተራ ሠሩ፤ ይህም ተወኩላቸውን አልቀነሰም።

በአጠቃላይ ደመወዝ ከሪዝቅ በሮች አንዱ እንጂ ራሱ ሪዝቅ አይደለም። በሩ ሲዘጋ መደንገጥ የሰው ነው፤ የዘጋው በግፍ ከሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሌላውን በር ማንኳኳት ግዴታ ነው፤ ከውስጥ ያለው ደግሞ ሲያንኳኩ ሰምቶ መክፈት አለበት። ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዘን ሦስቱን ከተውን ስለ ሪዝቅ የምንናገረው ቃል ከምላሳችን አያልፍም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራ ላጡት ከሐላል መንገድ የተሻለውን ይተካላቸው፤ ለሚሠሩት ሥራቸውን ይባርክላቸው፤ አሠሪዎቻችንን ፍትሕን ያልብሳቸው፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድላት። አሚን።

ወላሁ አዕለም።